ለምሳ እመለሳለሁ

ሻንጣዬ አልጋዬ ሥር ነው። ቡዳፔስት ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስካሁን ግን ሙሉ በሙሉ አላራገፍኩትም። ታች በኩል አንድ ወፍራም ሹራብ፣ የተማሪዎቼ ፎቶና አንድ ፓኬት ጠመኔ አለ። ጠመኔውን ለምን እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። እዚህ አገር ጠመኔ የሌለ መስሎኝ ይሆናል።

ከመምጣቴ በፊት ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። የትምህርት ዕድሉ የደረሰኝ በዓመቱ አጋማሽ፣ ልጆቹ ፈተና ሊደርስባቸው ሲል ነው። የመጨረሻው ቀን አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ በር ላይ ጠብቃኝ "ቲቸር፣ ትመለሻለሽ አይደል?" አለችኝ። "እመለሳለሁ እንጂ! ምን ነካሽ?" አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አፌ እመለሳለሁ ሲል ልቤ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጧል።

ሰው ሥራ ይለቃል፣ አገር ይቀይራል፤ ኃጢአት የለበትም። ይህን ለራሴ ስንቴ ነግሬዋለሁ። ያቺ "እመለሳለሁ" ግን ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ሆናብኛለች። ስቀመጥ እረሳታለሁ፤ ስራመድ ትቆረቁረኛለች።

## ወንዙ ዳር ያለው ስም

አንድ እሁድ ከፓርላማው ተነስቼ የዳኑብን ዳር ይዤ ቁልቁል እሄድ ነበር። መጀመሪያ የሚገኙት ጫማዎቹ ናቸው። 60 ጥንድ የብረት ጫማዎች፣ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ውኃው አድርገው ተደርድረዋል። የሴት ተረከዝ ያለው አለ፣ የሠራተኛ ቦቲ አለ፣ የሕፃን አለ። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ የሃንጋሪ ናዚዎች የሆነው የ"ቀስት መስቀል" ፓርቲ ታጣቂዎች አይሁዶችን ወንዙ ዳር አቁመው፣ ጫማ አስወልቀው ይተኩሱባቸው ነበር። ጫማ ይሸጣላ! ሰውየው ይጣላል፣ ጫማው ይቀመጣል። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከዚያ የሰንሰለት ድልድዩን አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ የት እንደደረስኩ ለማየት ስልኬ ላይ ካርታ ከፈትኩ። የቆምኩበት የወንዝ ዳር "ጄን ሄይኒንግ ራክፓርት" ይላል። ራክፓርት የወንዝ ዳር መንገድ ማለት ነው። እዚህ አገር ሰው ሲጠራ የቤተሰቡ ስም ይቀድማል። ይሄ ስም ግን በእንግሊዝኛው ደንብ ነው የተጻፈው። እንግዳ ናት ማለት ነው። "ማናት ይቺ?" ብዬ ጀመርኩ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይም አልጋዬ ላይ ሆኜ እያነበብኩ ነበር።

ስኮትላንዳዊት ናት። በ1897 ደንስኮር በምትባል የገጠር ቀበሌ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። እናቷ የሞተችው እሷ 5 ዓመቷ ሳለ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ከትምህርት በኋላ ፔዝሊ ከተማ ውስጥ በአንድ ትልቅ የክር ፋብሪካ አሥር ዓመት ያህል በጸሐፊነት ሠራች። ጥሩ ሥራ፣ ጥሩ ደመወዝ። አንድ ቀን በአይሁዶች መካከል ስለሚደረግ የሚስዮን ሥራ የሚናገር ስብሰባ ላይ ተገኘች። ከዚያ ለጓደኛዋ "የሕይወቴን ሥራ አገኘሁት" አለቻት። በ1932 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ቡዳፔስት ላከቻት። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ፕሬስቢቴሪያን ናት፤ ጳጳስ የላትም፣ በሽማግሌዎች ጉባኤ ነው የምትመራው። ይህ በኋላ ያስፈልገናል፣ ምክንያቱም "ተመለሺ" የሚለው ትእዛዝ የመጣው ከጉባኤው ኮሚቴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም። ሰው ሁሉ "ሚስዮናዊቷ አስተማሪ" ይላታል። በወረቀት ከሄድን ሥራዋ የአዳሪዎቹ ኃላፊነት ነበር። ወደ 400 ተማሪዎች በነበሩት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ውስጥ 30 እና 40 መካከል የሚሆኑ አዳሪዎች ነበሩ። የሚበሉትን፣ የሚለብሱትን፣ ሌሊት ሲያተኩሳቸው ግንባራቸውን የምትነካው እሷ ናት። አስተምሬ ስለማውቅ አንድ ነገር ልመስክር፦ ልጅ ሰሌዳ ላይ የጻፍክለትን ይረሳል። ጫማው ሲቀደድ ማን እንዳየለት አይረሳም።

## ከግመል የወደቀው ሰውዬ

ትምህርት ቤቱ እዚህ ከተማ እንዴት እንደተገኘ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። በ1839 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አራት ቄሶችን ወደ ፍልስጤም ላከች። በአይሁዶች መካከል ሚስዮን የት ይከፈት የሚለውን አጥንተው እንዲመጡ ነው። ቡዳፔስት በእቅዱ የለችም። አንደኛው፣ ዶክተር ብላክ የሚባሉት፣ ከግመል ወደቁ። ስለተጎዱ እሳቸውና ዶክተር ኪት በዳኑብ በኩል ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተወሰነ። ፔስት ሲደርሱ ደግሞ ኪት በጠና ታመሙ። የሃንጋሪው እንደራሴ ሚስት ማሪያ ዶሮቴያ፣ እሷ ራሷ አጥባቂ ፕሮቴስታንት ነበረች፣ ሰምታ ደረሰችላቸው። "እዚህ ብትከፍቱስ?" አለች። በ1841 ሚስዮኑ ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶ ትምህርት ቤቱ ተከተለ። አንድ ግመል ባይደናበር ጄን ሄይኒንግ ምናልባት ፔዝሊ ውስጥ ደብዳቤ ስትተይብ ታረጅ ነበር።

አሁን ወደማይመቸኝ ነገር ልምጣ። የሚስዮኑ ዓላማ አይሁዶችን ክርስቲያን ማድረግ ነበር። ይህን ተሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም። ልጅህን ለትምህርት ልከህ በሌላ እምነት ብትመለስ ምን ይሰማሃል? ቢሆንም ብዙ አይሁድ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ወደዚያ ይልኩ ነበር። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ እንግሊዝኛ ይገኛል፤ ከሁሉም በላይ ልጅቷ በዘሯ አትሰደብም። ውጭ ያለው ነገር ይታወቃል። በ1938፣ በ1939፣ በ1941 በተከታታይ አይሁዶችን የሚያገሉ ሕጎች ወጡ። የ1941ዱ ደግሞ ነገሩን በዘር ቆጠረው። ተጠመቀች አልተጠመቀች፣ አያቶቿ አይሁድ ከሆኑ አይሁድ ናት። ያ መቶ ዓመት የተለፋበት ጥምቀት በመንግሥት ዓይን ዋጋ አጣ።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ሚስዮኑ የተቋቋመበት ምክንያት እንዲህ ሲሆን ምን ትሠራለህ? ሌላ ሰው ቢሆን "በቃ፣ ሥራዬ አለቀ" ይላል። እሷ ግን የምታየው ሕግ ሳይሆን ቁርስ ያልበሉ ልጆችን ነው። በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል፣ ዕረፍት ላይ ነበረች። ወዲያው በባቡር ተጨናንቃ ተመለሰች። በ1940 ቤተ ክርስቲያኗ ሚስዮናውያኑን ጠራች። አልሄድም አለች። የምትታወቅበት ንግግርም ይሄው ነው፦ "እነዚህ ልጆች ፀሐይ በወጣበት ጊዜ ካስፈለግኳቸው፣ በጨለማውማ ምን ያህል አብልጬ አላስፈልጋቸው?"

እውነቱን ልናገር? ይህን ንግግር መጀመሪያ ሳነበው አልነካኝም። እንደውም አናደደኝ። ትልቅ ሰው ነች፣ እኔ ደግሞ ጠመኔ ይዤ የጠፋሁ ነኝ። ቅዱሳን ከሩቅ ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ከጎናቸው ሲቆሙ ግን ያሳጣሉ። ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ።

## ቆዳ

በማግስቱ ሌላ ነገር አነበብኩ። ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ ቆዳ ጠፋ። የአዳሪዎቹ ጫማ ነተበ። ጄን ሄይኒንግ የራሷን የቆዳ ሻንጣ ቆራርጣ የልጆቹን ጫማ ሶል አስደረገችበት።

ይህን ሳነብ ትራም ላይ ነበርኩ። መውረጃዬ አመለጠኝ።

ሃንጋሪኛ ብዙም አልገፋሁበትም። "ቦር" ቆዳ መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ሻንጣ ደግሞ "ቦሮንድ" ነው። ቃሉ ራሱ ቆዳውን ሆዱ ውስጥ ይዞታል። ሴትየዋ ሃንጋሪኛ አሳምራ ተምራ ነበርና ሁለቱን ቃላት ሳታስተውላቸው አትቀርም። መቀሱን ስታነሳ ምን አሰበች ብዬ አሰብኩ። ምናልባት ምንም። ምናልባት "የመጀመሪያዋ የማን ጫማ ነው?" ብቻ። አስተማሪ ሥራ ሲበዛበት ብዙ አያስብም፤ ወረፋ ነው የሚያየው።

እኔ ግን አሰብኩላት። "አልሄድም" የሚል ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። ነገ ሐሳብ ሊቀየር ይችላል። ደብዳቤ በደብዳቤ ይሻራል፤ እኔም "እመለሳለሁ" ያልኩትን በዝምታ ሽሬዋለሁ። የተቆረጠ ሻንጣ ግን ተመልሶ ሻንጣ አይሆንም። ልብሷን የምትከትበት ነገር በ30 ጥንድ እግር ተከፋፍሎ ግቢ ውስጥ ሲሮጥ ይታየኛል። ደረጃ ላይ ሲንጋጋ። ገመድ ሲዘል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋዬ ሥር ያለውን ሻንጣ ማየት ከበደኝ።

## ሃያ ቀን

የጀርመን ጦር ሃንጋሪ የገባው ማርች 19 ቀን 1944 ነው። ከኤፕሪል 5 ጀምሮ ከ6 ዓመት በላይ የሆነ አይሁድ ሁሉ በደረቱ በግራ በኩል ቢጫ ኮከብ እንዲሰፋ ታዘዘ። ስፋቱ 10 በ10 ሴንቲሜትር። 6 ዓመት ማለት አንደኛ ክፍል ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ ደረት ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ኮከቡ ግማሹን ይሸፍነዋል።

ኮከቡን ለልጆቹ ራሷ ትሰፋላቸው እንደነበር፣ እየሰፋችም ታለቅስ እንደነበር ይነገራል። እዚህ ላይ ቆየሁ። ለምን ሰፋች? "አልሄድም" ያለችው ሴት "አልሰፋም" ለምን አላለችም? ነገሩን ሳገላብጠው መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። ኮከብ ሳታደርግ መንገድ ላይ የተገኘች ልጅ ትታሰራለች። አስተማሪዋ ጀግና ብትሆን ዋጋውን የምትከፍለው የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ስለዚህ መርፌውን ያዘች። ክር ፋብሪካ ውስጥ አሥር ዓመት የሠራች ሴት ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ይታየኛል። ደህና አድርጋ ነው የሰፋችው ብዬ እገምታለሁ። ላላ ያለ ስፌትም ያስቀጣ ነበርና።

እና አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እዚያ ቤት ውስጥ ግን እንባ የሚቆጥር ሰው ነበር። የወጥ ቤት ሠራተኛዋ አማች የቀስት መስቀል ሰው ነው፤ ለልጆቹ የተቀመጠ ምግብ ሲበላ አግኝታ ተቆጥታዋለች፤ የጠቆማት እሱ ነው ይባላል። ኤፕሪል 25 ጌስታፖ፣ የናዚዎቹ ምሥጢራዊ ፖሊሶች፣ መጡ። ከኮከቡ ትእዛዝ እስከዚያች ጠዋት ሃያ ቀን ነው።

የክሱ ዝርዝር ይገርማል። በአይሁዶች መካከል ሠርታለች። የቢቢሲን ዜና ሰምታለች። እንግሊዛውያን እንግዶች ይመጡባታል። የእንግሊዝ የጦር ምርኮኞችን ጠይቃለች፣ እሽግም ልካላቸዋለች። ፖለቲካ ውስጥ ገብታለች። ከእነዚህ መሐል ደግሞ አንዲት አለች፦ ልጆቹ ቢጫ ኮከብ አድርገው ክፍል ሲገቡ አይታ አልቅሳለች። ይህ ወንጀል ሆኖ ተጽፏል። ከፖለቲካው በቀር ሁሉንም አመነች። ማለትም ጠያቂዋ "አልቅሰሻል?" ሲላት "አዎ" ብላለች።

እኛ ጋ አስተማሪ ልጆች ፊት አያለቅስም። ለእኔም እንዲህ ነው የተነገረኝ። አንዴ አንድ ተማሪዬ አባቱ ሞቶ ሲመጣ መጽሐፍ የምፈልግ መስዬ ጠረጴዛ ሥር ተጎንብሼ ነው ፊቴን የጠረግኩት። ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነበር። አሁን እጠራጠራለሁ። ያ ልጅ የሚያስታውሰው ምን ይሆን? የአስተማሪውን ጀርባ? የጄን ሄይኒንግ ልጆች የተሰፋውን ኮከብ ማንም ቢሰፋላቸው ያው ኮከብ ነው። ልዩነቱ ስፌቱ ላይ የወደቀው ነው። ከሳሾቿም ይህ የገባቸው ይመስለኛል፤ ባይገባቸው ኖሮ ከሬዲዮና ከምርኮኞች ጋር ደርበው አይጽፉትም ነበር።

## አሥራ አምስት ደቂቃ

ዕቃዋን እንድትሰበስብ አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጧት ይባላል። እኔ የምጠይቀው ሞኝ ጥያቄ ነው፦ ምን ውስጥ ከተተችው? የቆዳ ሻንጣዋ የለም። ሌላ ነበራት? ከአንዱ ክፍል ከረጢት ለመነች? ይህን ጥያቄ ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው "አንቺ ደግሞ! እሷ ኦሽዊትዝ እየሄደች አንቺ ስለ ቦርሳ!" አለኝ። ልክ ነው፤ ኦሽዊትዝ የናዚዎቹ የግድያ ካምፕ ነው። ግን የምደርስባት በዚያ በኩል ነው፤ በሌላ በኩል ሩቅ ናት።

ስትወሰድ ልጆቹ ደረጃው ላይ ቆመው ያዩ ነበር። አንዷ ተማሪ ካደገች በኋላ እንደተናገረችው፣ አይዟችሁ፣ ለምሳ እመለሳለሁ ብላቸው ነው የሄደችው።

ለምሳ እመለሳለሁ።

እዚህ ስደርስ መጽሐፉንም ስልኩንም አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ዋሽታቸዋለች? በ2016 ኤድንብራ ውስጥ በቤተ ክርስቲያኗ ዋና መሥሪያ ቤት ቆጥ ላይ በቆዩ ወረቀቶች መሐል ኑዛዜዋ ተገኝቷል። የተጻፈው በ1942 ነው። ሬዲዮዋንና የጽሕፈት መኪናዋን ሳይቀር ለማን እንደምትተው አስፍራለች። ኑዛዜ የጻፈ ሰው "ለምሳ እመለሳለሁ" ሲል እንደማይመለስ ሳይጠረጥር አይደለም። ስለዚህ የእሷም እንደ እኔ ሆድ ሲያውቅ ነበር? እንዲያ ብዬ ትንሽ ልጽናና ሞከርኩ። አልሆነም። እሷ ያለችው ልጆቹ እንዳይፈሩ ነው። እኔ ያልኩት እኔ እንዳላፍር ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚሄድበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው።

ከቡዳፔስት እስር ቤት ወደ ኪሽታርቻ ካምፕ፣ ከዚያ በሜይ ወደ ኦሽዊትዝ ወሰዷት። ቁጥሯ 79467 ነበር። ጁላይ 15 ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ፖስታ ካርድ ጻፈች። ምግብ ትለምናለች፣ ፍራፍሬና ዳቦ፤ ስለ ልጆቹም ትጠይቃለች። ጀርመኖቹ በላኩት የሞት ማስረጃ መሠረት ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 17፣ ሞተች። 47 ዓመቷ ነበር። በ1997 የእስራኤሉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም "በአሕዛብ መካከል ጻድቅ" ብሎ መዘገባት፤ በ2010 ከተማዋ የወንዙን ዳር በስሟ ጠራች።

## ቮሮሽማርቲ መንገድ፣ ቁጥር 51

ሕንፃው አሁንም አለ። ቮሮሽማርቲ መንገድ ቁጥር 51። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዛሬም እዚያ ይሰበሰባሉ። ባለፈው ማክሰኞ ክፍል ቀርቼ ሄድኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም፤ መግባትም አልገባሁም። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ መስኮቶቹን ቆጠርኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከአጠገቤ ሁለት ልጆች ቦርሳቸውን እያንገላቱ እየተሯሯጡ አለፉ። የአንደኛዋ የጫማ ክር ተፈቷል። "ክርሽ!" ልላት ፈልጌ ቃሉ በሃንጋሪኛ አልመጣልኝም። በጣቴ አሳየኋት። አጎንብሳ አሰረችና ሮጠች።

ማታ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አወጣሁት። ሹራቡን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩ። ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት። ጠመኔው ተሰባብሮ ሻንጣውን ነጭ በነጭ አድርጎታል። ከዚያ የዚያችን ልጅ ስልክ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ተቀብዬ በቴሌግራም ጻፍኩላት። አሁን አሥረኛ ክፍል ናት። አስተዋውቄ ሳበቃ እንዲህ አልኳት፦ "ያኔ እመለሳለሁ ያልኩሽ፣ እንደማልመለስ እያወቅኩ ነው። ይቅርታ።"

አንድ ቀን ሙሉ ዝም አለች። በማግስቱ ማታ መለሰች።

"ቲቸር እኔማ ያኔውኑ አውቄ ነበር። ጠመኔውን ስትወስጂው አይቼሻለሁ። ሒሳብ የሚያስተምረን ሰውዬ ግን ሲያስረዳ አይገባኝም፤ ይቺን እስቲ እይልኝ።"

ከሥሩ የደብተር ፎቶ አለ። የፓራቦላ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ምልክት ስታለች። ወረቀት ፈልጌ አጣሁ። የሻንጣውን ክዳን ዘግቼ፣ ከላዩ ላይ በጠመኔ እየጻፍኩ፣ ፎቶ እያነሳሁ መላክ ጀመርኩ።